ስለ ልብ ድካምና ስለ ኦክሲጅን የተጻፈ አጭር ታሪክ

በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውሃ መኖሩን የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ወገቡን የቈረጠመው፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ቈዳውን ያሳከከው ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ አንድ ዘመድ አስከትሎ ይሄድና ጥቂት ቀን ይሰነብትበታል። ብዙዎችም ቀለለን እያሉ ይመለሳሉ። እኛም ይህን ፍል ውሃ ለመንቀፍ ብዕር አላነሣንም፤ ሙቅ ውሃ የደከመ ጅማትን እንደሚያፍታታ ማንም የሚክደው አይደለም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የክፍል ጓደኛችን ወደዚያው ተወስዳ ስለ ነበር ይህ ጽሑፍ ከእርሷ ታሪክ ይጀምራል። ስሟን እንዳንጽፍ ስለ ለመነችን አንጽፈውም።

ይህች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ወደ ትምህርት ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ከእኛ ጋራ እየሮጠች ትወጣው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆማ ማረፍ ጀመረች፤ ቈይቶም ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ ታርፍ ጀመር። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድር ነበር፤ ማታ ማታም ጫማዋ አልገባ እስኪላት ድረስ እግሯ ያብጥ ነበር። እናቷ «ቍርጥማት ነው፤ ልጅ ሆናም ጉልበቷን ያማት ነበር» ብለው ወደ ወንዛዬ ወሰዷትና ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። እብጠቱ ግን ከእግሯ ወደ ሆዷ ወጣ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ በሽታዋ የልብ ድካም ሆኖ ተገኘ። እናቷ ስለ ጉልበቷ የተናገሩት ስሕተት አልነበረም። ጉልበቷን ያመማት ነገር ልቧንም እንደ ነካው ግን አላወቁም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

«ልቧ ደክሟል» በተባልን ጊዜ ነገሩ አልገባንም። ሰው ሲደክም ያርፋል፤ ልብ ግን ከእናት ማሕፀን ጀምሮ አንዲት ቀን እንኳ ያላረፈ ጡንቻ ነው፤ ታዲያ ዛሬ ምን ሆነና ደከመ? ብለን የሥነ ሕይወት መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «የደከመ ልብ ዝናብ ላይ እንደ ተረሳ ማረሻ ይዝጋል፤ የሚያዝገውም ያው የምንተነፍሰው አየር ነው» አሉን። ሊያስቁን መስሎን ነበር። ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን የተረዳነው መጻሕፍት ማገላበጥ ከጀመርን በኋላ ነው። ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮጳ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስፈሰሱት በዚሁ ስፍራ ነው፤ መድፉም በ1867 ተነሥቶ በገደልና በሸለቆ ወደ መቅደላ እየተጐተተ ሄደ። የታሪክ መምህሮቻችን ስለ መድፉ ክብደትና ስለ መንገዱ ችግር ብዙ አስተምረውናል። እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ የምንፈልገው ወናፉን ነው። ማንኛውም ቀጥቃጭ እንደሚያውቀው ከሰል የቱን ያህል ቢከመር አየር ካልተነፋበት ብረት የሚያቀልጥ ሙቀት አይሰጥም። በአየሩ ውስጥ እሳቱን የሚያበረታው ምንድን ነው? ጋፋት ከመሠራቱ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አውሮጳውያን የተጨነቁበት ጥያቄ ይህ ነበር።

በ1774 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ቀይ የሜርኩሪ ዝገትን በፀሐይ መስተዋት አሙቆ አንድ ዓይነት አየር አወጣ። በዚህ አየር ውስጥ ሻማ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ አይጥም በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ በተራ አየር ከምትቈየው ይልቅ ብዙ ትቈያለች። ሼሌ የተባለው የስዊድን መድኃኒት ቀማሚ ይህንኑ አየር ቀደም ብሎ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ ዘግይቶ ስለ ታተመ ዝናው ለፕሪስትሊ ሆነ። ኦክሲጅን የሚለውን ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ ነው። ላቮአዚዬም ከሰል ሲነድ፣ ብረት ሲዝግና እንስሳ ሲተነፍስ የሚሆነው ነገር በመሠረቱ አንድ መሆኑን አስረዳ፤ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው፤ መተነፍስ ማለት ዝግ ያለ መንደድ ነው። ይህ ታላቅ ሰው በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቈረጠ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የፕሪስትሊ አንድ ጥርጣሬ ነው። ሻማ በዚህ አየር ውስጥ ቶሎ ነድዶ እንደሚያልቅ ሁሉ ሰውም ይህን ንጹሕ አየር ብቻ ቢተነፍስ ዕድሜውን ቶሎ ይጨርስ ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር። የሚያምነው አልነበረም። በ1878 ግን ፖል ቤር የተባለው ፈረንሳዊ እንስሳትን በታመቀ ኦክሲጅን ውስጥ አስገብቶ ሲያያቸው እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ሕይወት የሚሰጠው አየር ሲበዛ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1954 ሬቤካ ጌርሽማን የተባለች የአርጀንቲና ተወላጅ ኦክሲጅንና የራጅ ጨረር ሰውነትን የሚጐዱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቍጡ ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ ስትል ከጓደኞቿ ጋራ ጻፈች። ብዙዎች አልተቀበሏትም። በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ሰውነታችን እነዚህን ቅንጣቶች ብቻ ለማጥፋት የተሰናዳ ኤንዛይም እንዳለው ባስረዱ ጊዜ ግን ክርክሩ አበቃ፤ ጠላት ከሌለ ዘበኛ አይቀጠርምና።

አሁን ወደ ልብ እንመለስ። ልብ በቀንና በሌሊት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ለዚህም የሚሆነውን ኀይል የሚያሰናዱለት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ናቸው፤ በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ከቦታው አንድ ሦስተኛ ያህሉን የያዙት እነርሱ ናቸው። ሥራቸውን በምሳሌ ለመግለጽ ያህል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሕዝቡ በረድፍ ቆሞ ድንጋይ እንደሚቀባበል፣ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፉ ይሄዳሉ፤ በረድፉ መጨረሻ ላይ ኦክሲጅን ይቀበላቸውና ከሃይድሮጅን ጋራ ሆኖ ውሃ ይሆናል። ረድፉ ሲበዛና ሠራተኛው ሲደክም አንዳንድ ድንጋይ ከእጅ ማምለጡ አይቀርም። ካለ ቦታው ያመለጠውን ኤሌክትሮን ኦክሲጅን ሲያገኘው ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ፍሪ ራዲካል ይሆናል። ማኮርድና ፍሪዶቪች ያወቁት ኤንዛይም ይህን ወደ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይለውጠዋል፤ ይህም ሐኪም ቤት ቍስል የሚታጠብበት ነው። ሌሎች ኤንዛይሞች ደግሞ ይህን ወደ ውሃ ይመልሱታል። ካልመለሱት ከብረት ማዕድን ጋራ ሲገናኝ ከሁሉ የከፋው ራዲካል ይወለዳል፤ እርሱም ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

ጤናማ ልብ የሚፈጥረውንና የሚያጠፋውን አመዛዝኖ ይኖራል። ሊቃውንት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ሚዛኑ ወደ መፍጠር ሲያጋድል የሚመጣውን ጕዳት ነው። በ1999 በጃፓን አገር የክዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ልባቸው እንዲደክም የተደረጉ ውሾችን መርምረው ከደከመው ልብ ሚቶኮንድሪያ የሚወጣው ሱፐርኦክሳይድ ከጤናማው በጣም የበለጠ መሆኑን አዩ። ታዲያ ይህ ነገር ጡንቻውን እንዴት ያደክመዋል? እዚህ ላይ ጥቂት ዘግየት ብለን እናስረዳ፤ ምክንያቱም እኛም የገባን ሁለት ጊዜ ካነበብነው በኋላ ነው።

በ1880ዎቹ ሲድኒ ሪንገር የተባለ የለንደን ሐኪም የእንቍራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ ሲያኖረው ልቡ ይመታለት ነበር። ቈይቶ ውሃው ከከተማው ቧንቧ የተቀዳ መሆኑን ተረዳና በተጣራ ውሃ ቢሠራው ልቡ መምታቱን ተወ። በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው፣ በተጣራው ውስጥ ያልነበረው ነገር ካልሲየም ነው። አዎን፣ ልብ በካልሲየም ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ ካለው ጐተራ ይወጣል፤ ጡንቻውም ይኰማተራል፤ ወዲያውም ሌላ ፕሮቲን ካልሲየሙን ወደ ጐተራው ይመልሰዋል፤ ጡንቻውም ይፍታታል። ፍሪ ራዲካሎች የጐተራውን በርና መላሹን ፕሮቲን ያበላሻሉ። በዚህ ጊዜ ጐተራው ማፍሰስ ይጀምራል፤ የፈሰሰውም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ልብ ማረፍ በሚገባው ጊዜ በደንብ አይፍታታም፤ መምታት በሚገባው ጊዜ ደግሞ ጐተራው ባዶ ስለ ሆነ አጥብቆ አይመታም። በላዩም የሚቶኮንድሪያው ስብና የዘር ጽሕፈት ይጐዳል፤ የተጐዳ ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ከቀድሞው የበለጠ ራዲካል ያፈስሳል። አንዳንድ ሕዋስ ይሞታል፤ በሞተው ፈንታ የሚተካው የማይኰማተር ጠባሳ ነው።

ሰውነት ይህን ድካም ሲያይ ለመርዳት ብሎ የባሰ ያጠፋል። ደም አነሰ ብሎ ስለሚያስብ ኵላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያዝዘዋል፤ የጓደኛችን እግርና ሆድ ያበጠው ከዚህ የተነሣ ነው። አንጂዮቴንሲን የሚባለውንም ቅመም ያበዛል፤ እርሱም የደም ሥርን አጥብቦ የልብን ሸክም ከመጨመሩ በላይ ራሱ ራዲካል የሚሠሩ ኤንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ይህን ቅመም የሚከለክል ኢናላፕሪል የተባለ መድኃኒት በስካንዲናቪያ አገሮች ልባቸው እጅግ ለደከመ ሰዎች ተሰጥቶ ውጤቱ በ1987 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ ይህን መድኃኒት ካልወሰዱት ከመቶው 44 ሲሞቱ ከወሰዱት የሞቱት 26 ነበሩ።

ከዘበኞቹ ኤንዛይሞች ስለ አንዱ ለብቻው መጻፍ አለብን፤ ምክንያቱም ነገሩ እስከ እርሻችን ድረስ ይመጣል። ግሉታታዮን ፔሮክሲዴዝ ይባላል። ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድን ወደ ውሃ ከሚመልሱት አንዱ ሲሆን፣ ለመሥራት ሴሌኒየም የተባለ ማዕድን ይሻል፤ ይህም በ1973 ታወቀ። ሴሌኒየምን በ1817 ያገኘው የስዊድኑ ሊቅ ቤርዜሊዩስ ነው፤ ስሙንም በጨረቃ ስም ሰየመው። ብዙ ዘመን የታወቀው በመርዝነቱ ብቻ ነበር።

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በሚባል አውራጃ በ1935 ክረምት የልብን ጡንቻ የሚገድል በሽታ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በሌሎቹም የቻይና ገጠሮች በሕፃናትና በወላድ ሴቶች ላይ እየበረታ ብዙ ሰው ፈጀ። የቻይና ሐኪሞች በሽታው የሚጸናበትን አገር በካርታ ላይ ቢያስቀምጡት አፈሩ ሴሌኒየም ያነሰው አገር ሆኖ ተገኘ። በ1974 በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ለ4,510 ሕፃናት የሴሌኒየም ክኒን ሲሰጡ 3,985 ሕፃናት ደግሞ ያልተሰጣቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ካልተሰጣቸው 54 ሲታመሙ፣ ከተሰጣቸው የታመሙት 10 ብቻ ናቸው። ኋላ እንደ ታወቀው የበሽታው ምክንያት የሴሌኒየም ማነስ ብቻ አይደለም፤ ኮክሳኪ የሚባል ቫይረስም ይረዳዋል። ይህ ቫይረስ ሴሌኒየም ባነሳቸው አይጦች ውስጥ ሲራባ ከለዘብተኛነት ወደ ጨካኝነት መለወጡን በ1990ዎቹ ሜሊንዳ ቤክ የተባለች አሜሪካዊት አስረዳች።

ይህ ሁሉ ስለ ቻይና ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ አገራችን እንመለስለት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሰውን ደም መርምረው በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ሴሌኒየም እንደሚያንሰው ገለጡ። በ2021 ደግሞ የእህላችንን መርምረው የሴሌኒየሙ መጠን እንደ አገሩ እጅግ የተለያየ መሆኑን አሳዩ፤ በስምጥ ሸለቆው በኩል ከፍ ይላል፤ በምዕራቡ ደጋ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ብዙ ዝናብ ያጠበው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ይሆናል፤ በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ያለው የብረት ዝገት ሴሌኒየምን አጥብቆ ይይዛልና ለሥሩ አይሰጥም። በፋርጣና በጋይንት የሚያርሱ አባቶቻችን አፈሩ ኮመጠጠ እያሉ ኖራ የሚበትኑበት መሬት ይኸው ነው። የራሱን ማሳ ጤፍ ብቻ እየበላ የሚኖር ገበሬ ካፈሩ የጐደለው ከደሙም ይጐድላል፤ ከሩቅ አገር የመጣ እህል የሚሸምተው የከተማ ሰው ግን በዚህ በኩል ይሻላል። ድኻው ገበሬ ለፍቶ ያመረተው እህል ጕድለት ያለበት መሆኑ እኛን በጣም አሳዝኖናል።

ይሁን እንጂ አንባቢው እንዳይደነግጥ እንወዳለን። በደም ውስጥ ሴሌኒየም ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ የኬሻን በሽታ ሌላ ነገር ነው። የአፈሩም ጕድለት የማይታረም አይደለም። የፊንላንድ መንግሥት አገሩ ሴሌኒየም ያነሰው መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከ1985 ጀምሮ በማዳበሪያ ውስጥ አስጨመረው፤ በሕዝቡም ደም ውስጥ ከፍ አለ። ደግሞም ክኒን ገዝቶ እንዳሻው መዋጥ ሞኝነት ነው፤ በቻይና ኤንሺ በሚባል ስፍራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴሌኒየም የበዛበትን እህል የበሉ ሰዎች ጠጕራቸውና ጥፍራቸው ረግፎ ነበር።

እንደዚሁም ልብ በዝገት የሚጐዳ ከሆነ ዝገት የሚከለክል ቪታሚን በብዛት መዋጥ አይሻልምን? ብለን ነበር። እኛ ብቻ ሳንሆን የዓለም ሐኪሞችም ይህንኑ አስበው ቪታሚን ኢ ለብዙ ሺህ ሰዎች ለዓመታት ሰጡ። በ2005 የታተመው ውጤት ግን ያሳፍራል፤ ቪታሚኑን የወሰዱት በልብ ድካም የታመሙት ካልወሰዱት በመቶ 13 በልጠው ተገኙ። ምክንያቱን ሊቃውንት ሲያስረዱ፣ ፍሪ ራዲካል በጥቂቱ ሲሆን ሰውነት መልእክት የሚላላክበት ስለ ሆነ ያለ ልዩነት ማጥፋት አይገባም፤ ደግሞም የሚዋጠው ቪታሚን ጕዳቱ ወደሚፈጸምበት ወደ ሚቶኮንድሪያው በሚገባ አይደርስም ይላሉ። በገበያ ላይ ለልብ የሚበጅ ነው እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ክኒን ሁሉ ያየ ሰው ይህን ቢያስታውስ ገንዘቡን ያተርፋል።

የጓደኛችን ልብ መጀመሪያ የተጐዳው ግን በሴሌኒየም ማነስ አይደለም። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን እያመማት በራሱ ሲሻላት፣ እየተመለሰ ሲያማት ኖሯል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ተሕዋስያን በፔኒሲሊን ካልጠፋ፣ ሰውነት እርሱን ለመውጋት ያሰናዳው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ይወጋል። የጉልበቱ ሕመም ይድናል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በሩ የማይገጥም ልብ የገፋው ደም ወደ ኋላ ስለሚመለስበት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ይለጠጣል፤ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ የጻፍነው የዝገት ታሪክ ይጀምራል። በአገራችን የብዙ ወጣቶች የልብ ድካም ምንጩ ይህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን ያቋቋሙት እንዲህ ያሉትን ልጆች እያዩ ነው፤ በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በሩን መጠገንም ሆነ መለወጥ በቀዶ ሕክምና ነው፤ ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ነው።

ጓደኛችን ዛሬ ውሃ የሚቀንስና ልብን የሚያሳርፍ መድኃኒት ትወስዳለች፤ በየአራት ሳምንቱም ፔኒሲሊን ትወጋለች። አንድ ዓመት ስለ ቀረባት ከእኛ በታች ባለው ክፍል ትማራለች፤ ዳገቱንም በዝግታ ትወጣዋለች። ይህን ጽሑፍ ለማኅተም ከመስጠታችን በፊት አንብበንላት ነበር። ስለ ምድጃውና ስለ ድንጋዩ መቀባበል ስትሰማ ሳቀች፤ ቀጥላም «ታዲያ ይህ የሚያመኝ መርፌ ዝገቱን ያስለቅቀዋል?» ብላ ጠየቀችን። አያስለቅቀውም፤ ሌላ የጉሮሮ ሕመም መጥቶ በሩን ዳግመኛ እንዳይጐዳው ይጠብቀዋል እንጂ አልናት። ጥቂት አሰበችና ታናሽ ወንድሟ ሰሞኑን ጉሮሮዬን እያለ መሆኑን ነገረችን። በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ እናቷና እርሷ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።